የእኅታችን ድርሻ

በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ከሚገኙት ወረቀቶች እጅግ የሚበዙት ስለ ቤት የተጻፉ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። የቤት አበል የሚለምነው፥ ለቤት ማኅበር ከደመወዙ እንዲቈረጥለት የሚያመለክተው፥ ለባንክ የሥራ ማስረጃ እንዲጻፍለት የሚጠይቀው፥ ሁሉም በየወሩ በእጃችን ያልፋል። እኛም ይህን ወረቀት ስናስገባና ስናስወጣ ዐሥራ አራት ዓመት ስለ ሆነን፥ ስለ ማኅበር ቤት የምናውቅ ይመስለን ነበር። አለማወቃችንን የተረዳነው በሰው አገር፥ ያውም በአንድ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ቢሆንም፥ ከዚህ መጽሔት አንባብያን ብዙዎቹ የቤት ማኅበር አባሎች መሆናቸውን ስለምናውቅ፥ እንደ ሆነው አድርገን ልናቀርበው ወደድን።

ታላቅ እኅታችን በ1994 ዓ. ም. የዲቪ ዕጣ ደርሷት ወደ አሜሪካ ሄደች። እኛ ያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርን፤ ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ድረስ የተሸከምነው እኛ ነን። አባታችን ቀደም ብለው ዐርፈው ስለ ነበር፥ ለእናታችንም ለእኛም እንደ አባት የሆነችን እሷ ናት። በዋሽንግተን ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ገንዘብ ተቀባይ ሁና ተቀጠረች፤ ያገር ልጆች በዚያ ሥራ ላይ ብዙዎች ስለ ሆኑ እንግድነቱ ብዙ አልከበዳትም። የተከራየችውም ቤት ዩ ስትሪት ከሚባለው መንገድ ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ከቀይ ሸክላ በተሠራ፥ ባለ አራት ፎቅና ሃያ ስምንት ቤቶች ባሉት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። በየወሩ የላከችልን ገንዘብ እኛን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አስጨርሶናል። ከዚያ በላይ ሳንሄድ የቀረነው በእሷ ጉድለት ሳይሆን በእኛ ስንፍና ነው።

ስለዚያ ሰፈር ጥቂት ሳንናገር ወደ ነገሩ ብንገባ አንባቢ የቤቱን ዋጋ አይረዳውም። (ስለ አሜሪካ ስንናገር ዘመኑን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ጥቁርና ነጭ በሕግ ተለያይቶ ይኖር በነበረበት ዘመን፥ ጥቁር አሜሪካውያን በመሐል ከተማው እንደ ልባቸው መዝናናት ስላልተፈቀደላቸው፥ ሱቃቸውን፥ ባንካቸውን፥ የመሰብሰቢያ አዳራሻቸውን በዩ ስትሪት አካባቢ አቆሙ። የሃዋርድ ቴአትር በ1910፥ የሊንከን ቴአትር በ1922 በዚያው ተከፈቱ፤ ሰፈሩም «ጥቁሩ ብሮድዌይ» እየተባለ ተጠራ። በ1899 በዋሽንግተን የተወለደው ዱክ ኤሊንግተን ልጅነቱን ያሳለፈው በእነዚያ ጎዳናዎች ነው። ይህን ስም የኛ አገር ሰው በሩቁ ብቻ አያውቀውም። ኤሊንግተን በ1966 ዓ. ም. የሙዚቃ ጓዱን አስከትሎ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል፤ ከንጉሠ ነገሥቱም እጅ ኒሻን ተቀብሏል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ ጊዜ ከጓዱ ጋር ሠርቷል።

ከሰፈሩ በላይ በኩል ደግሞ በ1867 የተመሠረተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1972 ጀምሮ ብዙ ዓመት ያስተማረው፥ ኃይሌ ገሪማም የፊልም ጥበብን ያስተማረው እዚያው ነው። እንግዲህ ያ ሰፈር የሰው አገር ይባል እንጂ፥ የኛም ሰዎች ቀለምና ድምፅ ያለበት ነው።

ነገር ግን በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ የተነሣው ቍጣ ብዙ ሱቆችን አቃጠለ። ከዚያም በኋላ አቅም ያለው ለቅቆ ሄደ፤ ቤቱ ረከሰ፤ መስኮቱ በሳንቃ ተመታ። የኛ ስደተኞች አስቀድሞ ከዚያ በማይርቀው በ18ኛው ጎዳና፥ በኋላም በ9ኛው ጎዳናና በዩ ስትሪት መገናኛ ምግብ ቤት እየከፈቱ የገቡት ሌላው በሸሸበት ዘመን ነው። በ1991 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በዚያ ሲከፈት ነገሩ ተገለበጠ። አሮጌው ሸክላ ተወደደ፤ የጃዙ ታሪክ ራሱ የቤት መሸጫ ማስታወቂያ ሆነ። በ2005 ገደማ የኛ ሰዎች ያን መገናኛ «ትንሿ ኢትዮጵያ» እናሰኘው ብለው ሲነሡ፥ ጥቁር አሜሪካውያን ነባር ነዋሪዎች «ይህ የኛ ታሪክ ነው» ብለው ተቃወሙ። እኅታችን ያን ጊዜ ከጎረቤቶቿ ጋር ሁና ስለ ነበር፥ አንዳንድ ያገር ሰዎች በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላምታ ነሥተዋት እንደ ነበረ አጫውታናለች።

በ2010 ዓ. ም. በጾም ወራት አንድ ሌሊት ስልክ ደወለች። የሕንፃው ባለቤት ሊሸጠው ነው። በዚያች ከተማ በ1980 የወጣ ሕግ አለ፤ ይኸውም አከራይ የተከራየ ሕንፃውን ለመሸጥ ሲያስብ አስቀድሞ ለተከራዮቹ እንዲያቀርብላቸው የሚያዝ ነው። (በ2018 ነጠላ ቤቶች ከዚህ ሕግ ወጥተዋል፤ ባለ ብዙ ቤት ሕንፃዎች ግን ያን ጊዜ ቀርተውበት ነበር።) ተከራዮቹ በማኅበር ከተደራጁ፥ ከከተማው የቤት ፈንድና ከባንክ ተበድረው ሕንፃውን ለራሳቸው ሊገዙት ይችላሉ። የእኅታችን ጎረቤቶች ይህንኑ ለማድረግ ቈርጠው፥ እያንዳንዱ አባል 5,000 ዶላር የድርሻ ገንዘብ እንዲያስገባ ወስነዋል። እሷ 7,000 ዶላር ያህል አላት። «ምን ትላላችሁ?» ብላ ጠየቀችን።

የማኅበሩን አሠራር እንደ ነገረችን እናስረዳለን። ሕንፃው በሙሉ የማኅበሩ ነው። አባሉ የሚገዛው ቤቱን ሳይሆን ድርሻውን ነው፤ በድርሻውም አንዱን ቤት ይዞ የመኖር መብትና በስብሰባ አንድ ድምፅ ያገኛል። በየወሩ የሚከፍለው መዋጮ የሕንፃውን ብድር፥ ግብር፥ መድንና ጥገና ይሸፍናል፤ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ጕድለቱ በሌሎቹ ላይ ይወድቃልና አባል የሚሆነውን ሰው ኮሚቴው መርምሮ ይቀበላል። ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስገረመን ግን፥ አባሉ ለቅቆ ሲሄድ ድርሻውን በገበያ ዋጋ አለመሸጡ ነው። የሚመለስለት የከፈለው ገንዘብና በደንቡ የተወሰነች ጥቂት ጭማሪ ብቻ ናት፤ ይህም ቤቱ ለሚቀጥለው ድኻ እንዳይወደድ ነው።

እኛም ይህን ስንሰማ ሳቅን። ባለቤቱ ያልሆኑት ቤት፥ ሲሸጡት የማያተርፉበት ቤት፥ የልጅ ልጅ የማይወርሰው ቤት ምን ዐይነት ቤት ነው? አልናት። ይህ የአሜሪካኖች ዕቁብ ነው፤ ያውም ዕጣው የማይወጣበት ዕቁብ፥ ብለንም ቀለድን።

ይህን ያልነው አለማወቃችን ብቻ ቢሆን ኑሮ ዛሬ አይጸጽተንም ነበር። ነገር ግን ሌላ ምክንያት ነበረን፤ እሱንም አልነገርናትም። እኛ በ2005 ዓ. ም. ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ጋር ዐሥራ ስምንት ሁነን በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመን ነበር። ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ተቀምጦ መሬት እስኪሰጠን እንጠብቅ ነበር። በዚያችው በ2010 ዓ. ም. ኮሚቴያችን የግንባታ ዋጋ ስለ ጨመረ እያንዳንዱ አባል በሦስት ወር ውስጥ 160,000 ብር እንዲጨምር፥ ያልጨመረም ስሙ እንዲሰረዝ ወሰነ። የኛ ደመወዝ ያን ገንዘብ በሦስት ዓመትም አይሞላውም። እኅታችን 6,000 ዶላር ልካ ልትሞላልን ቀደም ብላ ቃል ሰጥታን ነበርና፥ እሷ ድርሻ ከገዛች የኛ ስም ይሰረዛል። ስለዚህ ምክራችን የመካሪ ምክር ሳይሆን የባለ ጉዳይ ማመልከቻ ነበር። «የሰው አገር ቤት የሰው ነው፤ ያገርሽ ቤት ግን ስትመለሺ ይጠብቅሻል» አልናት። እናታችን በአጠገባችን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ አንዳች ቃል አልተናገሩም።

እኅታችን ገንዘቡን ላከች። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 160,000 ብር ከጥቂት ትርፍ ጋር ሆነ፤ ከፈልን፤ ደረሰኙንም ፎቶ አንሥተን ላክንላት። ጎረቤቶቿ በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃውን ገዙ። እኛ ከዚያ ወዲህ በዚያ ነገር አልጠየቅናትም፤ «በኋላ ገንዘብ ስታገኝ ገብታበት ይሆናል» ብለን ለራሳችን ነገርነው። ሰው ሊጠይቀው የማይወደውን ነገር እንዲህ እያለ ያሳድረዋል።

በ2015 ዓ. ም. በሰኔ ወር ልጇ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ስለ ጨረሰች፥ ቪዛው ተሳክቶልን የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስደን ሄድን። በመጀመሪያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኅታችን ሰፈሯን አዙራ አሳየችን። የሊንከን ቴአትርን በር፥ ከጎኑም ከ1958 ጀምሮ የሚሠራውን ምግብ ቤት፥ በሸክላ ግድግዳ ላይ በቤት ቁመት ልክ የተሣሉትን የሙዚቀኞች ሥዕሎች አየን። ኤሊንግተን በልጅነቱ የኖረበትን ጎዳና ስታሳየን እንደ ገዛ አባቷ ቤት እየጠቈመች ነበር። በ9ኛው ጎዳና ላይ ግን ከምታውቃቸው ያገር ልጆች ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ተዘግተዋል፤ ኪራዩ ስላልተቻለ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል። በአንደኛው መስኮት ላይ «ቡና አለ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቀርቷል።

ከእሷ ሕንፃ ማዶ በመስተዋት የተሠራ አዲስ አፓርትማ ቆሟል። በዚያ ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው ቤት ከ400,000 ዶላር በላይ እንደሚሸጥ ነገረችን። የእሷም ቤት አንድ መኝታ ቤት ነው፤ እኛ ሳሎኑ ውስጥ ተኛን። ወለሉ እንጨት ነው፤ ሲረገጥ ይጮኻል። መስኮቱ ሰፊ ስለ ሆነ ጧት ጧት ፀሐይ እስከ ምድጃው ድረስ ይገባል።

በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ የማኅበር ስብሰባ አለ፤ ከወደድክ ናና እይ» አለችን። ስብሰባው ከምድር ቤቱ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰዎቹ በየማጠቢያው መኪና መካከል የታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠዋል። እኅታችን ከሁሉ ቀድማ ወርዳ ወንበሩን ስትዘረጋ፥ ቡናውን ስታቀርብ ከቤት እመቤት አትለይም ነበር። የመጡት ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ቤተ ሰቦች፥ ነባር ጥቁር አሜሪካውያን፥ ሁለት ነጭ ወጣቶችና ስድስት ያገር ልጆች ናቸው። በዚያች ከተማ በ2004 በወጣ የቋንቋ ሕግ ምክንያት የመንግሥት ወረቀት ብዙው በአማርኛ ስለሚገኝ፥ ማኅበሩም ከዚያ ልማድ ወስዶ አጀንዳውን በእንግሊዝኛ፥ በስፓኝኛና በአማርኛ ጽፎ አድሏል። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን ሰዎች ከባሕር ማዶ የአማርኛ አጀንዳ ስናገኝ ሆዳችን ባባ። «ያለፈው ቃለ ጉባኤ» የሚለውን ቃል ሳይቀር አግኝተነዋል።

የመጀመሪያው ነገር ስለ ሕንፃው የማሞቂያ ጋን ነበር፤ አርጅቷልና በምን ገንዘብ እንለውጠው የሚል ነው። በወር 40 ዶላር መዋጮ እንዲጨመር ተባለ፤ ብዙ ተጨቃጨቁ። ከያገሩ የመጣ ሰው በገንዘብ ሲጨቃጨቅ አንድ ዐይነት መሆኑን አየን። የኛም ዕድር እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ሌላ ነበር። አንዳንድ አባሎች ደንቡ ተሻሽሎ ድርሻው በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ አሳብ አቅርበዋል። ሃያ ሦስት አባሎች ናቸው፤ ለማሻሻል ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል። አሳቡን የደገፉት ሰዎች ነገር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። «እኛ ድኾች ስለ ሆንን ብቻ ቤታችን ዋጋ እንዳያወጣ ለምን ይከለከላል? ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰው በቤቱ ሲከብር እኛ ስንሞት ለልጆቻችን 5,000 ዶላር ብቻ እናወርሳለን?» አሉ። ከኤል ሳልቫዶር የመጣ አንድ አናጢ ተነሥቶ በስፓኝኛ ተናገረ፤ እንደ ተተረጐመልን፥ «እኔ እዚህ የገባሁት ዋጋው ስለ ተወሰነ ነው፤ ከኔ በኋላ የሚመጣውን በሩን ዘግቼበት ልሂድ?» አለ። ነጮቹ ወጣቶች ዝም ብለው ያደምጡ ነበር።

የእኅታችን የቅርብ ወዳጅ የሆኑ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። በዚያ ሕንፃ ከስልሳዎቹ ጀምሮ ኑረዋል፤ በ1968 የጭሱ ሽታ ከመጋረጃቸው ሳይለቅ ወር መክረሙን ያወራሉ። እኅታችን በታመመች ጊዜ ሾርባ ያመጡላት እሳቸው ናቸው። ድምፅ ሲሰጥ እኒህ ሴት እጃቸውን አሻሽሉ ከሚሉት ጋር አነሡ። ልጃቸው በአጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ዐሥራ ሦስት ደገፉ፤ ዐሥር ተቃወሙ። ከሦስት ሁለት እጅ አልሞላምና አሳቡ ወደቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእኅታችን ሁለት እጆች በጕልበቷ ላይ ነበሩ። አንድም ጊዜ አላነሣችም። ስብሰባው ሲያልቅ ወንበሩን አብረን እያጠፍን፥ «እትዬ፥ አንቺ የማን ወገን ነሽ? እጅሽን ሳታነሺ ቀረሽ» አልናት።

«እኔ እኮ ተከራይ ነኝ» አለችን። «አባል አይደለሁም።»

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባን። ሕንፃው ሲገዛ ገንዘቧ ከኛ ጋር ነበረ። አባል ያልሆኑት አራት አምስት ሰዎች ኪራያቸውን ለማኅበሩ እየከፈሉ እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸዋል፤ ነገር ግን ድምፅ የላቸውም። ለሃያ ዓመት ያህል በኖረችበት ቤት፥ ወንበሩን ዘርግታ፥ ቡናውን አፍልታ፥ ስለ ገዛ ጣራዋ ሌሎች ሲወስኑ ተቀምጣ ታያለች። ያ አሳብ ቢያልፍ ኑሮ ድርሻው የብዙ መቶ ሺህ ዶላር ይሆንና ለዘላለም ከእጇ ይወጣ ነበር። እኛ የሳቅንበት የዋጋ ገደብ ለእሷ የቀረላት በር እሱ ብቻ ነበረ።

ይቅርታ ለመጠየቅ አፋችንን ስንከፍት፥ «ተወው፤ ወንድሜ ነህ» ብላ የቡናውን ጀበና ይዛ ወጣች። ስለ አሮጊቲቱ ስንጠይቃትም፥ «ልጃቸው ነው፤ ምን ያድርጉ?» አለች። በነጋው አሮጊቲቱ የስኳር ድንች ኬክ ሠርተው ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ስለ ድምፁ ሳይነጋገሩ በሉት። እኛ ግን ያ ኬክ ከጕሮሯችን አልወረደም።

ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ የሆነውን አሳጥረን እንነግራለን። እናታችን ይኖሩበት የነበረው በፒያሳ በዶሮ ማነቂያ የሚገኝ የቀበሌ ቤት ነበረ። ያ ቤት በሐምሌ 1967 ዓ. ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ሲሆን፥ እናታችን ከኋላው የተከራዩት ነው። በልጅነታችን ከሀገር ፍቅር ቴአትር የሚወጣው ሰው በደጃችን ሲያልፍ የሰማውን ዘፈን እያንጐራጐረ ነበርና፥ ትኬት ሳንገዛ ብዙ ዘፈን አውቀናል። በ2016 ዓ. ም. ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እናታችን በከተማው ዳር በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተለዋጭ ቤት ተሰጣቸው። ከዶሮ ማነቂያ ይዘውት የወጡት አንድ አልጋ፥ አንድ ሣጥንና በወተት ቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም ነው። ጎረቤቶቻቸው በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ ዕድሩ ዛሬም በወር አንድ ጊዜ በስልክ ይሰበሰባል። ቤቱ ከቀድሞው ይሻላል፤ ውኃም መጸዳጃም በውስጡ አለ። እናታችን ግን ደረጃውን መውጣት ስለሚከብዳቸው ከሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወርዳሉ።

እኛ በኪራይ ቤት ስለ ነበርን፥ በሚያዝያ ወር ከባለቤታችን ጋር ተማክረን ወደ እናታችን ቤት ገባን። በዚያው ሌሊት ለእኅታችን ደወልን። ከዚህ በኋላ በየወሩ ለእናታችን የምትልኪውን 150 ዶላር አትላኪ፤ እስካሁን ለኪራይ የምናወጣው ገንዘብ ለመድኃኒታቸውና ለቀለባቸው ይበቃል፤ አንቺ ያን ገንዘብ ለድርሻሽ አስቀምጪው፥ አልናት። ከዚህ ወደዚያ ዶላር ለመላክ መንገዱም አቅሙም የለንም። ያለብንን ዕዳ ልንከፍላት የምንችለው ባለመቀበል ብቻ ነበር። መጀመሪያ እንቢ አለች። እናታችን ስልኩን ተቀብለው፥ «ያን ቀን ዝም ያልኩት ይቈጨኛል፤ አሁን ግን አልልም። እሺ በዪው» አሏት።

ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የምንዛሪው ሥርዓት ተለወጠ። 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዶላር በተወደደበት ዓመት ዶላር አትላኪ ያልን ሰዎች እኛ ሳንሆን አንቀርም፤ የሥራ ጓደኞቻችንም ይህን ሲሰሙ ጤንነታችንን ተጠራጥረዋል። መድኃኒቱም ዘይቱም አብሮ ስለ ተወደደ፥ ማታ ማታ ማመልከቻ በመተየብ ጥቂት ጨመርንበት። በማኅበራችን ሒሳብ ያስገባነው የእኅታችን 6,000 ዶላር በ2017 ዓ. ም. መጨረሻ ቢመነዘር ከ1,300 ዶላር አይበልጥም ነበር። የሲሚንቶውና የብረቱ ዋጋ ደግሞ አልጠበቀንም። ሕንፃችን ዛሬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሟል፤ ዐሥራ ስምንት ከነበርነውም አራቱ ወጥተዋል። እኛ ግን አልወጣንም፤ በቅርቡም በጠቅላላው ስብሰባ ላይ የእኅታችን ስም ከስማችን ጋር እንዲመዘገብ አመልክተን ገና መልስ እንጠብቃለን።

ዐሥራ ስምንት ወር 2,700 ዶላር ነው። እሷ 2,900 ጨመረችበት። ድርሻው በደንቡ መሠረት ከ5,000 ወደ 5,600 ዶላር ብቻ አድጎ ነበርና፥ በመስከረም 2018 ዓ. ም. ከፈለች። አሮጊቲቱ በዚያው ሰሞን ወደ ደቡብ ወደ ልጃቸው ሄደዋል፤ የተመለሰላቸውም ያው 5,600 ዶላር ነው። እኅታችን ዕቃቸውን በመጠቅለል ስትረዳቸው ሁለት ቀን ከሥራ እንደ ቀረች ነገረችን። ለስድሳ ዓመት ኑሮ ያ ገንዘብ በቂ ነው ብለን ለመናገር አፋችን አይደፍርም፤ ሆኖም እኅታችን የገባችው በዚያው ዋጋ ነው።

በጥቅምት ወር አንድ ማታ ከስብሰባ ወጥታ በቪዲዮ ደወለች። ስለ ማሞቂያው ጋን እንደ ገና ተወያይተው፥ በዚህ ጊዜ እጇን አንሥታለች። ያነሣችውም ለተቃውሞ ነው፤ መዋጮው በዛ ብላለች። ተሸነፈች፤ ቢሆንም እየሳቀች ነው ያወራችን። እናታችን ስልኩን ወደ ዐይናቸው አቅርበው፥

«እንግዲህ ቁልፉን ሰጡሽ?» አሏት።

«ቁልፉማ ሃያ ዓመት ከኔው ጋር ነው፥ እማዬ» አለች።

እናታችን ጥቂት አሰቡና፥ መስኮቱን አሳዪኝ አሏት። እኅታችን ስልኩን አዞረች፤ እዚያ ገና ቀን ነበርና መንገዱና ከማዶ ያለው የመስተዋት ሕንፃ ታየ። ፀሐይ በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቋት፤ ጧት ከምሥራቅ እንደሚገባ ነገረቻቸው። እናታችንም ወደኛ ዘወር ብለው፥ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ከጤና አዳሙ ፍሬ ጥቂት በወረቀት ጠቅልለን እንድንልክላት አዘዙን።